የሦስት ቦርሳ ቦታ

ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ላይ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። መታወቂያዬ ከዚያ ያነሰ ይላል፤ ይበል። የቀበሌው ጸሐፊ "አባ፣ ዕድሜዎን ስንት ልበል?" ብሎ ጠይቆኝ፣ እኔ በጣቴ ስቆጥር እሱ ጽፎ ማኅተሙን መታው። እኔ የማውቀው ያን ዓመት ከጭነት ሥራ ከወጣሁ መክረሜን፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ መጮህ መጀመሩን፣ የልጄ ልጆች ደግሞ ሦስቱም ተማሪ ቤት መግባታቸውን ነው። ሦስት ተማሪ ማለት ሦስት ቦርሳ ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ነገሩን ያስነሳብኝ ሽታ ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ከመስጊዱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ሳልፍ ሱቁ ሁሉ በሩ ላይ ቦርሳ ሰቅሏል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ መኪና የተሳለበት፣ ዓይኗ ሳህን የሚያህል ሴት ልጅ የተሳለችበት። አዲስ ቦርሳ የራሱ ሽታ አለው፤ ማስቲሽም ነው፣ አዲስ ጎማም ነው፣ ታፍኖ የሰነበተ ዕቃ ሲፈታ የሚመታው ነገርም አለበት። ቦንዳ ስናወርድ ያ ሽታ አፍንጫችን ውስጥ ያድር ነበር። ቆሜ አሸተትኩ። ባለሱቁ ጎረምሳ "አባ፣ ለስንተኛ ክፍል?" አለኝ። "ለራሴ ነው" አልኩት። "እንግዲያው ትልቁን ላውርድልዎት" ብሎ ሳቀብኝ። ዋጋውን ጠየቅኩት። የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ያኔ በዚያ ዋጋ ሦስት ቦርሳ ከነደብተሩ ገዝተን፣ ልጆቹን ጭማቂ አጠጥተን፣ በባጃጅ ቤት እንገባ ነበር። ዚፑ ብቻ ያኔም አሁንም አንድ ነው፤ ኅዳርን አያይም።

ያ ዘመን ትናንት ይመስለኛል፤ ግን ሻሂ ቤቱ እንኳ የለም። የባጃጆቹ መቆሚያ ጥግ ላይ፣ አሁን ባለ መስታወቱ ፎቅ የተገተረበት ቦታ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ሻሂ ቤት ነበር። የግመል ወተት ያለበት ሻሂ በአምስት ብር፤ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። እኛ ሽማግሌዎቹ ሽርጣችንን አሸርጠን፣ ከላይ ኮት ደርበን፣ የጥር ንፋስ ከካራማራ በኩል ሲመጣ ብርጭቋችንን በመዳፋችን ከድነን እንቀመጣለን። የጅግጅጋን ንፋስ የማያውቅ ሰው አቧራ መሬት ላይ የተኛ ነገር ይመስለዋል። እዚህ አቧራ ቆሞ ይሄዳል፤ ጠይቆህም አይገባም። ፊት ለፊታችን አይሱዙዎች ቆመው ሬዲዮናቸው የሶማሊኛ ዘፈን ኡድ በሚሉት የክር መሣሪያ ያንቆረቁራል። ያኔም ግማሹ ቃል አይገባኝም ነበር፤ ዘፋኟ ስለ ዝናብ ስትዘፍንና ስለ ወንድ ስትዘፍን ድምጿ አንድ መሆኑን ለማወቅ ግን ቋንቋ አያስፈልግም።

እኔ ከወሎ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ጎረምሳ ሆኜ መጣሁ፣ ጫኝና አውራጅ ሆንኩ፣ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ቀረሁ። ፊደል የለየሁት በጆንያ ላይ ጽሑፍ ነው፤ "ስኳር" የሚለውን ከስሜ በፊት አንብቤያለሁ። ባለቤቴ ፋጡማ፣ አላህ ይማራት፣ ቤቱን ስንሠራ "በረንዳ ይኑረው" ብላኝ ነበር። "ለማን? ለንፋሱ ነው?" አልኳት። ስለዚህ ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍልና አንዲት ጓዳ ሆነ። ከግቢው መጋረጃውን ገለጥ አድርገህ አንድ እግርህን ስታስገባ ምንጣፉ ላይ ነህ። ሀብታሞች ኮሪደር የሚሉት፣ ሰው የውጭውን አራግፎ የቤት ሰው የሚሆንበት ቦታ የለንም። ጫማ ደፉ ጋ ይወልቃል፤ ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ ነው፤ ምንጣፉ ላይ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሰገዳል። ከበሩ ጀርባ በስተግራ፣ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የፌሮ ብረት ወጣ ብሎ አለ። እዚያ ላይ ገመዴና ሸራዬ ተሰቅለው ነበር፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሸፍነውት።

ስለ ገመዱ ትንሽ ልበል፤ ያለሱ ነገሩ አይገባም። የጫኝ ገመድ የራሱ ነው። ሰውየው ሲሞት እንጂ ሲወጣ አይመለስም። የእኔ ሽንኩርት አስሯል፣ ቆዳ አስሯል፣ ቦንዳ አስሯል፤ ከቶጎጫሌ ሲመጣ ዝናብ ጠጥቶ፣ ሐረር ዳገት ላይ በፀሐይ ደርቆ፣ እንደ አሮጌ ሰው ክንድ ጠንክሮ ነበር። በእኛ ሥራ ገመድ ላይ ቢላ አይነካም። ቋጠሮ ቢጠብቅ በጥርስህ ትፈታዋለህ፣ በምስማር ትፈታዋለህ፣ ቁጭ ብለህ እስኪላላ ትጠብቀዋለህ እንጂ አትቆርጥም። የተቆረጠ ገመድ ጭነቱን አያሻግርም፤ የሚቆርጥ ሰውም ትዕግሥት የለውም ተብሎ ከጓድ ይባረራል። ሲባረር አይቻለሁ። ይህን ለልጆቹም ነግሬአቸው ነበር፤ ደጋግሜ፣ ሳይጠይቁኝ።

ልጆቹ ኢፍራህ፣ ጉሌድና አያን ናቸው። ታላቋ ኢፍራህ ያኔ ቁመቷ እኔ ትከሻ ደርሶ ነበር፤ አያን ገና ወተት ጥርሷን እያወለቀች ነው። አባታቸው፣ ልጄ መሐመድ፣ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ይከርማል፣ ለጥቂት ቀን ይመጣና ሸሚዙን አሳጥቦ ይሄዳል። ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ሆዳን ናት። ሆዳን የሀርሺን ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጋርባሳር የሚሉትን የሴት መከናነቢያና ቀሚስ ትሸጣለች። ጨዋ ናት። እንደ አባቷ ታከብረኛለች፤ እኔም ሳልነግራት ሻሂ ስታፈላልኝ እንደ ልጄ ነው የማያት። ግን እልኸኛ ናት። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት እልኸኛ በዛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ዱግሲ ይገባሉ፣ ቁርአን ሊማሩ። ስለዚህ አንዱ ቦርሳ ውስጥ የሒሳብ ደብተሩም የቁርአኑ ክፍል ጁዙም አለ። ማታ ይመጡና ቦርሳውን ደፉ ጋ፣ ጫማው አጠገብ ይጥሉታል። ሆዳን ታነሣዋለች፦ "ያ ረቢ! ቁርአን ያለበትን ነገር ጫማ አጠገብ?" ወደ ውስጥ አስገብታ ግድግዳ ታስደግፈዋለች። እኔ ደግሞ አያለሁ፦ የቦርሳው ቂጥ ቀኑን ሙሉ የት እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው፣ የባጃጅ ወለል ነው፣ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ነው። ያንን የምሰግድበት ምንጣፍ ላይ? አውጥቼ ግቢው ግንብ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ደፉ ጋ እንዳይሆን ጁዙ አለበት፤ ውስጥ እንዳይሆን አቧራው አለበት። በረንዳ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ አያውቀውም።

ግንቡ ላይ አስቀምጬ ሳለ የጎረቤት ፍየል መጣች። የጉሌድን ቦርሳ ማንጠልጠያ ከነስፖንጁ በላችው፤ ከውስጥ የተረፈውን ዳቦም አስከትላ። ጉሌድ አለቀሰ። ሆዳን አላለቀሰችም፤ ቦርሳውን አንሥታ በዓይኗ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። "አባ፣ ያ ሸራ ቢነሳ እኮ ቦታው ለቦርሳ ይበቃል" አለችኝ።

"ሸራው ምን አደረገሽ?"

"ምንም። እሱም ምንም አያደርግም፣ ዝም ብሎ ተሰቅሏል።"

"እኔም ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት" አልኳት። ቦርሳውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እንዲህ ስትሄድብኝ መቆጣቷ ነው።

ለሸራው እምቢ ብልም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሌላው ሰው ምን እያደረገ ይኖራል? በዚያ ከተማ ውስጥ ስንት ሺህ ልጅ ቦርሳ ተሸክሞ ይገባል፤ ማታ ማታ የት ነው የሚያድረው? በሕይወቴ ስንት ቤት ገብቻለሁ፣ ዕቃ አውርጃለሁ፤ ይህን አስተውዬ አላውቅም። ሰው ቤት ስገባ ከበር ኋላ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤቴ ጽጌ ዘንድ ነው፤ ከመሃል አገር መጥታ እህልና ቅመም የምትነግድ ሴት ናት። የልጆቿ ቦርሳ ፍሪጅ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ጽጌ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ምን ላድርግ ጋሽ ሰይድ፣ ቤቴ ውስጥ መንጠቆ ያለው እሱ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ስፈልግ መጀመሪያ ሦስተኛ ክፍልን ማለፍ አለብኝ።"

"ታልፊያለሽ?"

"አንዳንዴ እወድቃለሁ" አለችና እያነከሰች ሳቀች፤ እውነትም አንዱ ቦርሳ ወድቆ የእግሯን አውራ ጣት መቷት ነበር።

ከዚያ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ የከብት ነጋዴ ነው፤ ስንት ጊዜ በጎቹን ጭኜለታለሁ። አዲስ ቪላ ሠርቷል። እሱ ቤት እንደገባህ አንድ ሙሉ ክፍል አለ፤ ለጫማ፣ ለጃንጥላ፣ ለቦርሳ ብቻ፤ አናጢ በዕቃው ልክ መደርደሪያ ሠርቶ ለየልጁ ስሙን ለጥፎበታል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ወደ ሳሎን ስንገባ ሐጂ ተደናቅፎ ሊደፋ ነበር። ቦርሳ ነው። ሌላው ሶፋው ላይ ነው። ሦስተኛው ደረጃው ላይ ዚፑ ተከፍቶ እንደ ሞተ አሳ አፉን ከፍቷል። "ዋርያ ሰይድ፣ አትሳቅ" አለኝ። "ክፍል ሠራሁላቸው። ቦርሳው ክፍሉን አያውቀውም።" መደርደሪያውን ተመልሼ አየሁት። የልጆቹ ስም ያለበት ከእኔ ራስ በላይ ነው። ያኔ አይቼ አለፍኩት፤ ምኑን እንዳየሁ አላወቅኩም።

ቱሊ ጉሌድ የሚባለው ከተማ ለለቅሶ ስሄድም አየሁ፤ እዚያ ተማሪዎቹ ግራር ላይ ሰቅለውት ይጫወታሉ። ሸደር በሚባለው ቦታ አንድ የመጋዘን ዘበኛ ወዳጅ አለኝ፤ እሱን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን አንድ ልጅ ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ ኳስ ሲያባርር አየሁ። "ለምን አያወርደውም?" ብዬ ወዳጄን ጠየቅኩት። "ካወረደው የት ያስቀምጠዋል?" አለኝ። ሰው ሁሉ የእኔ ጥያቄ አለበት ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ለምን ደስ እንዳለኝ ግን አላውቅም።

እንግዲህ ራሴን ችዬ መላ መታሁ። እኔ ማን ነኝ? ጫኝ። ጫኝ ቦታ ሲያጣ ወደ ላይ ይጭናል። ቤታችን ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ከታች ይታያል። ገመዴን በአግዳሚው ላይ አሳልፌ፣ ሦስቱን ቦርሳ በአንድ አስሬ፣ ሳብ አድርጌ ወደ ላይ አወጣኋቸው፤ የገመዱን ጫፍ ከበሩ ኋላ ብረቱ ላይ በጭነት ቋጠሮ አሰርኩት። ሸራዬም አልተነሣ። ቦርሳው ከጫማ ራቀ፣ ከምንጣፍ ራቀ፣ ከፍየል ራቀ። ጉሌድ አንጋጦ "አወው፣ ቦርሳችን አውሮፕላን ሆነ!" አለ። ልጆቹ አወው ነው የሚሉኝ፤ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። አያን አጨበጨበች። ሆዳን አንጋጣ አየችና "ጠዋት ማን ያወርደዋል?" አለች።

"እኔ።"

"አባ ከሌሉስ?"

"የት እሄዳለሁ?" አልኳት።

ጥቂት ጊዜ ደህና ሄደ። ከፈጅር ሶላት ተመልሼ አወርዳለሁ፤ ማታ እሰቅላለሁ፤ ሥራ ያገኘሁ መሰለኝ። አንድ ቀን ግን መስጊድ ውስጥ አዲስ ዓይነት መኪና ገብቷል፣ ጭነቱን ራሱ የሚያነሣ ክንድ አለው ሲባል ሰማሁ። እንዴት አላይም? ያለ ሰው የሚጭን መኪና! ከሶላት በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ሹፌሩ ክንዱን አንሥቶ አውርዶ አሳየን፤ እኛ አሮጌ ጫኞች ዙሪያውን ቆመን እንደ ሰርግ አጀብነው። ሻሂ ጠጣን። ተከራከርን። ፀሐይ ወጣ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ደግሞ ንፋሱ ከቆርቆሮው ስር ገብቶ ቦርሳዎቹን ሲያወዛውዝ አድሮ ኖሯል። የጭነት ቋጠሮ ሲወዛወዝ ይጠብቃል፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ጠዋት ልጆቹ ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ከቦርሳቸው ስር ቆሙ። ጉሌድ መስጊድ ሮጦ አጣኝ። ሆዳን ወንበር ላይ ወጥታ በጣቷ ሞከረች፣ በጥርሷ ሞከረች። እምቢ አላት። ያ ቀን የኢፍራህ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነበር፤ መግቢያ ካርዷ ያለው ቦርሳው ውስጥ ነው። ሆዳን ከጓዳ ቢላ አመጣች። ኢፍራህ እጇን ያዘቻት። "እማ፣ የአወው ገመድ አይቆረጥም" አለቻት። ሆዳንም ቢላውን መልሳ አስቀመጠችው።

እኔ ስመጣ ኢፍራህ ከተዘጋ የትምህርት ቤት በር ተመልሳ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ መሸፈኛዋ ላይ እንባዋና አቧራው ጭቃ ሠርቷል። ቋጠሮውን ፈታሁት፤ የማሰሪያውን ጆሮ ማወቅ ነው እንጂ አንድ ጊዜ መሳብ ነው። ቦርሳዎቹ ዱብ አሉ። ማንም አላነሣቸውም። ሆዳን ያን ቀን ሱቅ አልከፈተችም፤ ትምህርት ቤት ሄዳ ለምና፣ ሌላ ቀን ለብቻዋ እንድትፈተን አስፈቅዳ መጣች። ጋርባሳሯን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

"አባ፣ ለገመድዎ ብዬ ልጄን ከፈተና አስቀረኋት" አለች፤ ድምጿን ሳታነሣ። "ሌላ ሰው ቢሆን እቆርጠው ነበር። የእርስዎ ስለሆነ አልቆረጥኩትም። አሁን ግን ሰለቸኝ። ከአዲሱ መንገድ ወዲያ በረንዳ ያለው የኪራይ ቤት አይቻለሁ። መሐመድ ሲመጣ እነግረዋለሁ።"

"ልጆቹስ?"

"ቦርሳቸው የሚቀመጥበት ቤት ይገባሉ።"

ምንጣፉን አየሁት፤ ሦስት ልጅ የሌለበት ምንጣፍ ስንት ስፋት እንደሚኖረው ያኔ ታየኝ። መሐመድ በቅርብ እንደሚገባ ደውሎ ነበር። ሆዳን አንዴ ካለች አለች።

በማግስቱ አንድ የማውቀው ሹፌር በግ ሊጭን ወደ ሀርሺን ሲወጣ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ለምን እንደምሄድ ሲጠይቀኝ "ዝም ብዬ" አልኩት። የሆዳን እናት እዚያ ከከተማው ወጣ ብላ ነው የምትኖረው፤ ልጆቹ አየዮ ነው የሚሏት፣ ሴት አያት ማለት ነው። የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶላት አልገባም ብላ በአቃሏ፣ በዚያ እንጨቱ ጎብጦ ሰሌን በሚለብሰው ክብ ጎጆዋ ውስጥ ትኖራለች። ሶማሊኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ የልጄ አማት ብትሆንም አንተ ትለኛለች፣ አንቺ እላታለሁ፤ ለእኔ ይመቸኛል።

"ሰይድ፣ ምን ጭነህ መጣህ?" አለችኝ።

"ባዶዬን ነኝ።"

"ለጫኝ ይከብዳል" አለችና ወተት ሰጠችኝ።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከዚህ በፊትም ገብቼ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ዓይኔ ሌላ ሆኖ ነበር። መሬት ላይ ከሰሌኑ በቀር ምንም የለም። ዕቃው ሁሉ ከጎበጠው እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፤ የወተት ዕቃው፣ የቅቤው፣ ከረጢቱ፣ ልብሱ። አንዱም አንዱ ላይ አልተጫነም። ሁሉም የራሱ አጭርና ረጅም ገመድ አለው፤ ጫፉ ላይ ጎባጣ እንጨት ታስሮበታል፣ መንጠቆ እንዲሆን። እሷ የምታነሣው እሷ ቁመት ላይ ነው። በሩ አጠገብ ደግሞ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ጉልበቴ ላይ ሊደርስ ምንም ያልቀረው፣ ትንሽ የወተት ዕቃ ተንጠልጥሏል።

"ይህስ ለምን ወረደ?" አልኳት።

"የት ይሁን?" ገረማት። "የልጅቷ ነው።" የልጅ ልጇን፣ ከውጭ ጥጃ የምታባርረውን፣ በአገጯ አሳየችኝ። "እሷ ናት የምታነሣው፣ እሷ ናት የምትመልሰው። ላይ ብሰቅለው እኔ የሷ አሽከር እሆናለሁ።"

"ፍየል ቢያገኘውስ?"

"አንድ ቀን አገኘው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቶሎ ታነሣዋለች።"

ተነሥቼ እጄን ወደ ላይኛው ዕቃ ዘረጋሁ፤ ወደ ታችኛው አወረድኩ። የሐጂ መደርደሪያ ትዝ አለኝ፤ ስማቸው የተለጠፈው በአናጢው ቁመት እንጂ በልጆቹ ቁመት አልነበረም። የእኔ አግዳሚ ትዝ አለኝ። እኛ ዕቃ የት ይድረስ ብለን ነው የምናስበው፤ ማን ይድረስበት አንልም። አየዮ እያየችኝ ነበር። "ሆዳን ትደውልልኛለች" አለች፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። ከዚያ ከጣራው ስር እጇን ሰድዳ ጎባጣ የግራር እንጨቶች አወጣች፤ ቅርፊታቸው ተልጦ፣ በእጅ ብዛት ለስልሰው። አራት ናቸው።

"ልጆቹ እኮ ሦስት ናቸው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

ረሳች አልኩ፤ ወይም አንዱ ቢሰበር ብላ ነው አልኩ። እስከ ጅግጅጋ በጎቹ ከኋላ ሲጮሁ እሱን ሳስብ መጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ከብረቱ ላይ ሸራዬን አወረድኩ። ከስሩ ግድግዳው ቀለሙ ሌላ ነበር፤ ፋጡማ ያስቀባችው አረንጓዴ፣ አቧራ ሳይነካው እንዳለ ቆይቷል። ልጆቹን ጠራኋቸው። "ኑ፣ እጃችሁን ዘርጉ" አልኩ። ኢፍራህ ዘረጋች፤ በከሰል ምልክት አደረግኩ። ጉሌድ በእግር ጣቱ ቆሞ ዘረጋ። "ውሸታም፣ ተረከዝህን አውርድ" አልኩት፤ አወረደ። አያን ምልክቷ ወገቤ ስር ሆነ። ከዚያ ገመዴን ከብረቱ እስከ ከሰሉ ለካሁ።

"ኢፍራህ" አልኩ፣ "ከጓዳ ቢላ አምጪልኝ።"

አልሄደችም። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። "አወው፣ ገመዱን?"

"ቢላውን አምጪ አልኩሽ።"

አመጣች። ገመዱ ጠንካራ ነበር፤ ቶሎ አልቆረጥ አለኝ፤ ስቆርጠው ድምፁ የደረቀ ዳቦ ይመስላል። ከውስጡ የድሮ የሽንኩርት ልጣጭና አሸዋ ረገፈ። ሦስት ቁራጭ አደረግኩ፤ በየጫፉ የአየዮን ጎባጣ እንጨት አሰርኩ፤ ሌላውን ጫፍ ከላይ ብረቱ ላይ። ረጅሙ የአያን ነው፣ አጭሩ የኢፍራህ። ቦርሳዎቹን ራሳቸው አምጥተው ሰቀሉ። ጫማው በስተቀኝ ደፉ ጋ ነው፣ ምንጣፉ ከስር ነጻ ነው፣ ፍየሏ ውጭ ናት። አያን ሰቀለች፣ አወረደች፣ ሰቀለች።

ሆዳን ከጓዳው በር ቆማ ስታይ ኖራለች። ሱቅ ለመሄድ ተሰናድታ፣ የእጅ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ። መጥታ ወለሉ ላይ የወደቀውን የገመድ ብናኝ አየች፣ ቢላውን አየች፣ እኔን አየችኝ። ምንም ይቅርታ አልጠየቅኳት፤ እሷም አልጠበቀችም። ግድግዳው አጠገብ ተጠግታ፣ ከኢፍራህ ምልክት ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ እጇን በቀስታ ዘረጋች።

"የኔስ የት ነው?" አለች።

ኪሴ ገባሁ። አራተኛው እንጨት እዚያ ነበር። ከሰሉን አንሥቼ መዳፏ ያረፈበት ላይ ምልክት አደረግኩ፤ ከገመዱ የተረፈውንም እንደገና ለካሁ።